የቴሌቪዥን ምስል ልክና የማያ ገጽ ቅርጽ፤ ስለ ስያሜዎቹ

ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋር ወደ አንኮበር፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ፣ መጥቶ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በለንደን ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። የመዝገበ ቃላት ሥራ የሚያውቅ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ አያጣውም። ከአማርኛ የሚነሣው አዘጋጅ ቃሉን ከተናጋሪው አፍ ይቀበላል፤ ወደ አማርኛ የሚመጣው ግን ነገሩን በእጁ ይዞ ስም ፍለጋ ይወጣል። መዝገበ ቃላቱ በታተመበት በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ አንኮበር ሲገባ ከጓዶቹ መካከል ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ስለ ሸዋ የሣላቸው ሥዕሎችም በ1852 በዚያው በለንደን ታትመዋል።

ቃሉና ሥዕሉ በአንድ ዘመን ከአንድ ስፍራ የወጡ ናቸው። እኛን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ሁለቱ ዛሬ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአንኮበር ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጣጣ ነው። የዚህ ኮረብታ ምስል በቴሌቪዥን ሲቀርብ ግን አንዳንድ ጊዜ ሾጣጣነቱን አጥቶ ዝርግ ጉብታ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜ አናቱ ከማያው በላይ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኮረብታው እንዳለ ሆኖ ግራና ቀኙን ጥቁር ይይዘዋል። ተመልካቹ ለሦስቱም «ምስሉ ተበላሽቷል» ይላል። ጠጋኙም ሆነ የመሣሪያውን መምሪያ የሚተረጉመው ሰው «እንዴት ተበላሸ?» ብሎ ቢጠይቅ የተስማማንበት መልስ የለም። ከሦስቱ ሁለቱ ብቻ ብልሽት ሲሆኑ ሦስተኛው ብልሽት አይደለም፤ ስም ስላልለየናቸው ግን ብልሽት ያልሆነውን ለማረም እውነተኛ ብልሽት እንፈጥራለን።

ነገሩን ከመሠረቱ ለማየት ከወርድና ከቁመት እንነሣ። በቶማስ ኤዲሰን ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዓመታት የተዘጋጀው የ35 ሚሊሜትር ፊልም የእያንዳንዱ ምስል ወርድ አራት እጅ፣ ቁመቱ ሦስት እጅ ነበር። ቴሌቪዥን ሲወለድ ይህንኑ ልክ ወረሰ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያሠራጨው ምስል 4 ለ 3 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ቀለም ሲሸጋገርም ቀለሙ ተለወጠ እንጂ ልኩ አልተለወጠም። በሌላው ዓለም ሲኒማ ቤቶች የቴሌቪዥንን ፉክክር ለመቋቋም እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በሲኒማስኮፕ ወርዱን አብዝተው ሰፊ ምስል ማሳየት ጀምረው ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት አዲስ የቴሌቪዥን ልክ ሲፈለግ ለአሮጌውም ለሰፊውም የሚበቃ አማካይ ተሰልቶ 16 ለ 9 ተገኘ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይኸው ነው። ስለዚህ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል የተቀረጸው የአገራችን የምስል ቅርስ ሁሉ አሁን የሚታየው ለእርሱ ባልተሠራ ማያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የስያሜ ጥያቄ ይመጣል። የወርድና የቁመት ዝምድና ምን ይባል? «መጠን» አይሆንም፤ መጠን ትልቅና ትንሽን ይናገራል እንጂ ቅርጽን አይናገርም። አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ማያ መጠናቸው ተለያይቶ ዝምድናቸው ግን እኩል 16 ለ 9 ሊሆን ይችላል። «ምጣኔ» ከዚያው ሥር የወጣ ጥሩ ቃል ቢሆንም በምጣኔ ሀብትና በቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ተጠምዷል። በስልክና በኮምፒውተር ትርጉም ሥራ ላይ የዋለው «ምጥጥነ ገጽታ» ከሁሉ ይሻላል ብለን እናምናለን። ተመጣጠነ የሚለው ግሥ አንዱ ከሌላው ጋር መመዛዘኑን ስለሚናገር ሐሳቡን ሳያዛባ ያደርሳል። «ገጽታ» የሚለው ሁለተኛ ክፍል ግን ለእኛ ትርፍ ይመስላል፤ ቃሉ የእንግሊዝኛውን ሁለት ክፍል ለማሟላት የገባ እንጂ አማርኛው የጠየቀው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ «ምጥጥን» ብቻ እንላለን።

ወርድና ስፋትም ሊደባለቁ አይገባም። በብዙ መምሪያዎች የማያው አግድም ልክ «ስፋት» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። ስፋት በአማርኛ ይበልጡን ሁለት ወገን ያለውን ነገር ያመለክታል፤ የመሬትን «የቆዳ ስፋት» ስንል ወርድን ከርዝመት ያባዛን መሆናችን የታወቀ ነው። ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊውና ነጋዴው ግን «ወርድና ቁመት» ይላሉ፤ ወርድ ይቀድማል። አጋጣሚ ሆኖ በ16 ለ 9 ውስጥም ወርዱ የሚጠራው መጀመሪያ ነው። ተርጓሚው የሸማኔውን አነጋገር ቢከተል የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል አይስትም።

ሰያፍ ልክም አንድ ወጥመድ አለበት። ቴሌቪዥን የሚሸጠው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ በሚለካ ኢንች ነው። 32 ኢንች የሆነ ባለ 4 ለ 3 ማያ ወርዱ 25.6፣ ቁመቱ 19.2 ኢንች ይሆናል። ያው 32 ኢንች በ16 ለ 9 ሲሆን ወርዱ ወደ 27.9 ከፍ ብሎ ቁመቱ ወደ 15.7 ይወርዳል፤ የቆዳ ስፋቱም ከመቶ አሥር እጅ በላይ ያንሳል። የቀድሞው ቁመት እንዳይቀንስበት የሚፈልግ ሰው 39 ኢንች ያህል መግዛት ይኖርበታል። «ኢንቹ ያው፣ ምስሉ ግን ያነሰ» የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው። ይህ የልክ ጉዳይ ነው፤ ምንም የሚጠገን ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። 4 ለ 3 የሆነ ምስል 16 ለ 9 በሆነ ማያ ላይ ሲቀመጥ ሦስት ነገር ከማድረግ በስተቀር ሌላ መንገድ የለም።

አንደኛው ምስሉን በልኩ አስቀምጦ ግራና ቀኙን ባዶ መተው ነው። ምስሉ ከማያው ወርድ ሦስት አራተኛውን ይይዛል፤ በየጎኑ አንድ ስምንተኛ ጥቁር ይቀራል። ለዚህ ጥቁር ቦታ «ኅዳግ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። በአንኮበር አብያተ ክርስቲያናትም ሆነ በሌላው ደብር የሚገኝ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ጽሑፉ በመካከል፣ ባዶው ብራና በዙሪያው ነው። ጸሐፊው ኅዳጉን የተወው ቃል አጥቶ አይደለም። ኅዳግን አይቶ «መጽሐፉ ጎደለ» የሚል አንባቢ እንደሌለ ሁሉ፣ ጥቁሩን ቦታ «ኅዳግ» ብለን ከጠራነው ተመልካቹም ጎደለ አይልም ብለን እንገምታለን። በየጎኑ ሲሆን የጎን ኅዳግ፣ ከላይና ከታች ሲሆን የራስና የግርጌ ኅዳግ ማለት ይበቃል። የኋለኛው የሚታየው ሰፊ የሲኒማ ፊልም ሲቀርብ ነው፤ 2.35 ለ 1 የሆነ ፊልም በ16 ለ 9 ማያ ላይ ከቁመቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይይዛል። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ጥቁር መጋረጃ» ሲሉ አይተናል። መጋረጃ ግን የሚጋርደው ነገር አለው፤ ከዚህ ጥቁር በስተኋላ የተጋረደ ምንም ምስል ስለሌለ ቃሉ ያሳስታል።

ሁለተኛው መንገድ ወርዱን ብቻ ስቦ ማያውን መሙላት ነው። ቁመቱ ሳይነካ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል። ሰው ይወፍራል፣ ኳስ ሞላላ ይሆናል፣ የአንኮበር ኮረብታ ይዘረጠጣል። ይህን «ልጠጣ» እንበለው፤ ምስሉም «የተለጠጠ ምስል» ይሁን። መወጠርም ለዚህ ሊቀርብ የሚችል ቃል ነበር፤ ብራና ይወጠራልና። ይሁን እንጂ ውጥረት ዛሬ የፖለቲካ ዜና ቃል ሆኗል፤ ከዚህም በላይ ብራና የሚወጠረው በአራቱም ወገን ስለሆነ የአንድ ወገንን መሳብ አይገልጥም። እርግጥ ልጠጣም ከቢሮ አነጋገር ነጻ አይደለም፤ «የተለጠጠ ዕቅድ» ሲባል እንደ ምስጋና ይቆጠራል። ቢሆንም የተለጠጠ ፊት ያየ ሰው ምስጋና ነው ብሎ እንደማይሳሳት እንተማመናለን።

ሦስተኛው መንገድ ምስሉን በሁለቱም ወገን እኩል አጉልቶ ከማያው የተረፈውን መቁረጥ ነው። ምጥጥኑ ይጠበቃል፣ ክብ ነገር ክብ ይሆናል፤ ከቁመቱ ግን አንድ አራተኛው ይጠፋል፤ ከላይ አንድ ስምንተኛ፣ ከታች አንድ ስምንተኛ። በመቆጣጠሪያው ላይ ይህ «ዙም» ተብሎ ይጠራል። «አጉላ» የሚለው ትርጉም ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ተጠቃሚው ማወቅ ያለበት ማጉላቱ የሚያስከፍለውን ነው፤ እርሱም «ክርከማ» ነው። ከረከመ የአትክልትም የጽሕምም ቃል ነው፤ በፎቶግራፍ ማረሚያ ትርጉሞች ውስጥም ገብቷል። ደግሞም የብራና መጽሐፍ ዳግመኛ ሲደጎስ ደጓሹ ጠርዙን ለማስተካከል ሲል ከፊደሉ ጭምር የከረከመበት ጊዜ መኖሩን የጥንታዊ መጻሕፍት ተመራማሪዎች ያውቃሉ።

ሦስቱን በአንድነት ስናያቸው የሚለያዩት በሚያጎድሉት ነገር ነው። ኅዳግ ከማያው ያጎድላል፤ ልጠጣ ከቅርጹ ያጎድላል፤ ክርከማ ከምስሉ ያጎድላል። ከማያው መጉደል በጀት ለከፈለበት ሰው የሚቆጭ ሊሆን ይችላል፤ ምስሉን ግን አይነካውም። ስለዚህ በመምሪያ ትርጉም ውስጥ ኅዳግን «ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው» በሚለው ምዕራፍ ሥር ማስገባት ራሱ ስሕተት ነው እንላለን። ተጠቃሚው ጥቁሩን ለማጥፋት ቁልፉን ይጫናል፤ ጥቁሩ ይጠፋል፤ በምትኩ ፊቶቹ ይለጠጣሉ፤ ጥቂት ቀን ሲያይ ዓይኑ ይለምደዋል። የቆዩ ዜናዎችና ዘጋቢ ፊልሞች ተለጥጠው ሲቀርቡ ዝም የምንለውም ለምደነው ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቀረጸ ሰው መልክ የምናውቀው በዚያ ምስል ብቻ ሲሆን ልጠጣው ስለ መልኩ የተሳሳተ ምስክርነት ይሰጣል።

ክርከማ ደግሞ በተለይ በእኛ ጽሕፈት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለ፤ ስለዚህ ነገር ሲጻፍ እምብዛም አላየንም። የላቲን ፊደል ከግርጌው ጥቂት ቢቆረጥ አብዛኛው ቃል ከላዩ ቅርጽ ሊነበብ ይችላል። የግእዝ ፊደል ግን ብዙዎቹን አናባቢዎቹን የሚለየው በእግሩ ነው። በ፣ ቢ እና ባ አናታቸው አንድ ነው፤ ቢ ከቀኝ እግሯ ሥር ቅጥያ አላት፣ ባ የግራ እግሯ አጥሯል። በማያው ግርጌ የሚሮጥ ጽሑፍ እግሩ ከተከረከመ በላ፣ ባላ እና ቢላ የሚለዩበት ነገር አይኖርም፤ መጨረሻቸው ላ ራሷ ከለ ጋር ትመሳሰላለች። አንድ የምግብ፣ አንድ የእንጨት፣ አንድ የስለት ቃል አንድ ይሆናሉ። ከ፣ ኪ እና ካ፣ ሰ፣ ሲ እና ሳም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የግርጌ ክርከማ ለአማርኛ የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የንባብ ጉዳይ ነው።

ከክርከማ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በአሮጌው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቀንስ ምስሉ ከአራቱም ወገን ይሰበሰብ ነበር። ይህ እንዳይታይ አምራቾች ምስሉን ሆን ብለው ከማያው ጥቂት አሳልፈው ይሠሩት ነበር፤ ኃይሉ ቢወርድም ምስሉ እስከ ጠርዙ ይደርሳል። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ይህ ችግር የለበትም፤ ልማዱ ግን ወርሶት ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ከየጠርዙ ጥቂት እንዲቆርጡ ሆነው ተስተካክለዋል። ምልክቱ የጣቢያው አርማ ወደ ማያው ጠርዝ ተጠግቶ መታየቱ ወይም የኮምፒውተር ማያ ሲገናኝ ዳርቻው መጥፋቱ ነው። ይህንን «ጠርዝ ዘለል» ብንለው «ድንበር ዘለል» ከሚለው የታወቀ አነጋገር ጋር ስለሚስማማ ሰሚው አይቸገርም። መድኃኒቱም ክርከማን ከሚያስወግደው ቁልፍ ውጭ ነው። አምራቾች «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፉል ፒክስል» በሚሉ የተለያዩ ስሞች ያስቀምጡታል፤ ሁሉም ምስሉ በመጣበት ልክ፣ ሳይነካ ይታይ ማለት ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ የአማርኛ ስም ይበቃል፤ እርሱም ሕዝቡ በየዕለቱ የሚለው «እንደ ወረደ» ነው። ለመደበኛ ጽሑፍ ቀለል ያለ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን በትክክለኛነቱ ከዚህ የሚተካከል አላገኘንም።

በመለጠጥና በመዘርጋት መካከል ያለውን ልዩነትም አማርኛ አስቀድሞ ስላዘጋጀልን ልንጠቀምበት ይገባል። በቀድሞው የዲጂታል ሥርዓት 16 ለ 9 የሆነ ምስል ብዙ ጊዜ የሚላከው በወርዱ ተጠቦ በ720 በ576 ነጥብ ውስጥ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሲቀበለው ወደ እውነተኛ ወርዱ ይመልሰዋል። ይህ ልጠጣ አይደለም። ታጥፎ የመጣ ነጠላ ይዘረጋል፤ ላስቲክ ይለጠጣል። የመጀመሪያው ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ከልኩ ይወጣል። የመሣሪያው ዝርዝር ለሁለቱም «ዋይድ» ወይም «ፉል» የሚል አንድ ስም ሊሰጥ ስለሚችል ተርጓሚው ስሙን ሳይሆን ሥራውን አይቶ ይተርጉም። ሳይዘረጋ የቀረ ምስል ሰዎችን ቀጫጭንና ረጃጅም አድርጎ ያሳያል፤ ለዚህ «ያልተዘረጋ ምስል» ማለት በቂ ነው።

ማያ የሚለውን ቃል እስካሁን ያለ ማብራሪያ ተጠቅመንበታል። «በቴሌቪዥን መስኮት ቀረበ» የሚለው አነጋገር ያማረና የቆየ ነው፤ ይቆይም። ለመስታወቱ ለራሱ ግን መስኮት ብንል በኮምፒውተር ውስጥ ተከፍቶ ከሚዘጋው መስኮት ጋር ይጋጫል። «ሸራ» የሲኒማ ቤት ነው። «ማያ ገጽ» በስልክ በኩል ገብቶ ሥር እየሰደደ ስለሆነ መቃወም አያስፈልግም፤ ሲያጥር «ማያ» ቢባልም ከአየ የወጣ የመሣሪያ ስም መሆኑ ግልጥ ነው።

እነዚህ ስሞች ለጥገና ምን እንደሚጠቅሙ በአጭሩ እናሳይ። ተመልካቹ በመጀመሪያ በምስሉ ውስጥ ክብ ነገር ይፈልግ፤ ኳስ፣ ሰዓት ወይም ምጣድ ሊሆን ይችላል። ክቡ ሞላላ ከሆነ ነገሩ ልጠጣ ወይም ያልተዘረጋ ምስል ነው፤ ሞላላው በአግድም ሲሆን የመጀመሪያው፣ በቁመት ሲሆን ሁለተኛው። ክቡ ክብ ከሆነ የጽሑፉንና የአርማውን ዳር ይይ። ከግርጌውና ከራሱ ብቻ ብዙ ከጎደለ ክርከማ ነው፤ ከአራቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ከጎደለ ጠርዝ ዘለል ነው። ክቡም ጽሑፉም ደኅና ሆነው ጥቁር ብቻ ካለ ኅዳግ ነውና ይተወው። በአራቱም ወገን ጥቁር ከከበበው ግን ኅዳጉ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል፤ አንዱን ጣቢያው ወይም ሪሲቨሩ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ጨምሮታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ብቻ ማጉላት ያለ ኪሳራ ይሠራል።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት ደግሞ የሪሲቨሩን የራሱን ዝርዝር ማውጣት ይበቃል። የዝርዝሩ ፊደላትም አብረው ተለጥጠው ከታዩ የለጠጠው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ፊደላቱ በልካቸው ሆነው ከበስተኋላቸው ያለው ምስል ብቻ ከተለጠጠ ሪሲቨሩ ወይም ጣቢያው ነው። ሌላ ጣቢያ ሲከፈት ከተስተካከለ ሪሲቨሩ ነጻ ይሆናል። የዲሽ ሠራተኞች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ባለቤቱ በስልክ «ተበላሸ» ከማለት ይልቅ «ተለጠጠ» ወይም «ተከረከመ» ቢላቸው ግን ምናልባት ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሄድ ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ለግርጌ ጽሑፍ ተርጓሚዎች የሚቀር አንድ ቃል አለ። በአሮጌው የሥርጭት ልማድ ጽሑፍ ከማያው ወርድም ከቁመቱም በመካከለኛው 80 በመቶ ውስጥ እንዲቀመጥ ይታዘዝ ነበር፤ ለጠፍጣፋው ማያ ልኩ ወደ 90 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህን ስፍራ «የጽሑፍ ክልል» ብለነዋል። ከላይ ባሳየነው የፊደላችን ጠባይ ምክንያት ግን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በወርዱ አዲሱን፣ በግርጌው ግን አሮጌውን ልክ ቢከተል እንመርጣለን።